የሙኒብ ቦት ጫማ

ገጣሚው ሊሄድ ሲነሳ፣ ሲገባ እንደ ደንቡ አውልቆ ደፉ ላይ የተወው ጫማ የለም። ውጭ በጎራዥዴ ከተማ ዳር ባለው ኮረብታ ላይ በረዶው ቁርጭምጭሚት ይውጣል።

«እማማ ሻሂራ፣ ጫማዬን አይተውታል?»

«ምድጃው ውስጥ ነው። ሽታው አልደረሰህም?»

ቀልድ መስሎት ሊስቅ ሲል የተቃጠለ ጎማ አፍንጫውን ሰነፈጠው። አሮጊቷ ለሟች ልጃቸው ለሙኒብ መታሰቢያ ብሎ የጻፈውን ልቦለድ ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡለት።

«‹ሙኒብ በባዶ እግሩ በረዶውን ሲረግጥ መልአክ ይመስል ነበር።› አስለቀስከኝ። መቼም አንተ ቃል አይቸግርህም።»

«ለክብሩ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«በጦርነቱ ጊዜ ሁለታችሁ ከተራራው ማዶ ዱቄት ልታመጡ ስትወጡ፣ የአባቱን ቦት ጫማ በገዛ እጄ ነው ያሰርኩለት።» መጽሐፉን ከደኑት። «ብቻህን ስትመለስ አንተ እግር ላይ አየሁት። አንድ ቀን አፍ አውጥተህ ትነግረኛለህ ብዬ ዝም አልኩ። አንተ ስትጽፍ ሸበትክ።»

ገጣሚው ካልሲውን ቁልቁል አየ፤ አውራ ጣቱ በቀዳዳው ወጥቷል።

አሮጊቷ ተነስተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱለት።

«በል ውጣ። አንተም እስቲ መልአክ ምሰል።»