ሁለት ቁጥር ቦይለር

የቅጥር ፈተናው ሠላሳኛ ጥያቄ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ሃያ ዘጠኙን መካኒኩ እንደ ውኃ ጠጥቷቸዋል፤ ሃያ ዓመት በእጁ የሠራውን ሥራ "ሀ" ወይም "ለ" እያለ ከቦ ማለፍ ብቻ ነበር።

ይሄኛው ግን ምርጫ የለውም። "ሁለት ቁጥር ቦይለር ጠዋት በተነሳ በአሥራ አንድ ደቂቃው ይጠፋል። ፓምፑ ተቀይሯል። ሽቦውም ተቀይሯል። ምክንያቱ ምንድን ነው?" ይላል።

ደግሞ አነበበው፤ ግራ መጋባቱ ባሰበት እንጂ አልገባውም። የፈተና ቦይለር መቼም ቁጥር የለውም። ቢጠፋም በአሥር ደቂቃ ይጠፋል እንጂ አሥራ አንድ ብሎ ነገር ከየት መጣ? ፈታኟን ጠርቶ የተረሳ ነገር እንዳለ ጠየቃት። ከቅጥር ክፍል የመጣች ልጅ እግር ናት፤ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና የሚያውቁትን ይጻፉ አለችው።

ያለ ሥራ ስምንት ወር ቤት ተቀምጧል። ሚስቱ ጠዋት ኮሌታውን እያስተካከለች፣ የጠየቁህን ብቻ መልስ፣ በናትህ እንዳትከራከር ብላዋለች። አምስት ምክንያት መጣለት፤ አምስቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ቦይለሩ አጠገብ ቆሞ ካላዳመጠው በምን ይለየዋል?

በዚህ መሐል ቱታ የለበሰ ሽማግሌ ገባ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ከኋላው ቆመና የመልስ ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ። አስተያየቱ ግን የፈታኝ አይደለም። ሐኪሙ ምን ይል ይሆን ብሎ አፍ አፉን እንደሚያይ አስታማሚ ነው።

"አባባ፣ ይሄ ቦይለር እዚሁ ነው እንዴ ያለው?" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ከግድግዳው ጀርባ።"

"መልሱን ማነው የሚያርመው ታዲያ?"

ሽማግሌው ፈታኟን ሰረቅ አድርጎ አየና ጎንበስ አለ። "ካንተ በፊት አሥራ ስድስት ሰው ተፈትኗል። የጻፉትን ሁሉ ሞክሬዋለሁ።"

መካኒኩ መሳቅ አማረው፤ ወዲያው ደግሞ ፈራ። ልኩን ቢጽፍ በእሱ መልስ ቦይለሩን አስነስተው እሱን ምን ያደርጉታል? ቢስትም ያው ወደቀ። የሚስቱ ምክር ለየትኛው እንደሚሆን ጠፋው። በመጨረሻ ባዶው ቦታ ላይ "ሳላየው አላውቅም" ብሎ ጻፈ።

ሽማግሌው አነበበና ሄዶ በሩን ከፈተ። እንዳይዘጋም በእግሩ ደግፎ ያዘው። ፈታኟ ሰዓቱ ገና ነው እኮ እያለች ተነሳች። መካኒኩ እየተባረረ ይሁን እየተጠራ ሳያውቅ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።