የአውራው ዶሮ ጭራ

ፉሳኤ በጨለማው የዶሮ ቤት ውስጥ የመጨረሻዋን እንቁላል በእጅ ባትሪ አየቻት። ዶሮዋ ያን ሁሉ ቀን ታቅፋት ብትከርምም፣ እንደ ሌሎቹ እንቁላሎች ውስጧ ጥርት ያለ ነበር፤ ጫጩት መያዟን የሚያሳይ የደም ሥር ምልክት እንኳ አልነበራትም። ፉሳኤ እንቁላሏን አስቀመጠችና ከሽርጧ ኪስ መቀስ አወጣች።

ባሏ ቶራኪቺ ዘሎ ቆጡ ፊት ቆመ። ከጀርባው የአውራው ዶሮ ጭራ ከቆጡ እስከ ወለሉ እንደ ነጭ ሐር ቁልቁል ወርዷል። የሚስቱን ጸጉር አንድ ቀን ነክቶ የማያውቀው ሰው ይህን ጭራ በየጠዋቱ ያበጥረው፣ እንዳይቆሽሽም በስስ ወረቀት ይጠቀልለው ነበር።

«ጥፋቱ የሴቶቹ ዶሮዎች ነው!» አለ።

«ሴቶቹማ የጎረቤት አውራ አጥር ዘሎ የገባ ጊዜ ግቢውን ጫጩት በጫጩት አድርገውት የለ? ያንተ ጌታ ሊወጣባቸው ሲሞክር ጭራው ወደ ኋላ እየጎተተ ይጥለዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ከአባቴ የወረስኩት የረጅም ጭራ ዘር እኮ ነው!»

«ከዘሩ የቀረው ወንድ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሲሞት ጭራው ነው ጫጩት የሚፈለፍልልህ?»

ቶራኪቺ መቀሱን ከእጇ መነጨቃት። በመስኮት ሊወረውረው ነው ብላ ጠበቀች።

«አንቺ ታንሻፍፊዋለሽ» አለና ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ጭራውን ቀስ ብሎ ቆረጠው።

አውራው ዶሮ ዱብ ብሎ ወረደ፤ ክንፉን አንዴ አራገፈና በቀጥታ ወደ ሴቶቹ ሮጠ። ቶራኪቺ ጭራውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቀረ።

«ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም!»

«ተወው» አለች ፉሳኤ፣ «ሥራ ላይ ነው።»