አራት ባዶ ማጣሪያዎች

የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎቹ ሰኞ ማለዳ መጡ። ሁለት ነበሩ። በእስራኤል፣ በአሽኬሎን የፋብሪካዎች ሰፈር፣ የአሠሪው የዮአቭ የጭነት መኪኖች የሚያድሩበት ግቢ ገብተው ቢሮውን እንኳ ሳይጠይቁ ወደ ሾፌሩ ወደ ክንፉ መኪና ሄዱ። ቀጭን ካሜራ በጭስ ማውጫው አስገቡ።

ማጣሪያው ባዶ ነበር። ቆርቆሮው አለ፤ ጥላሸቱን የሚያስቀረው ሆዱ ወጥቷል።

ያረጀ የናፍታ መኪና ያለ ማጣሪያ እንዳይነዳ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ዮአቭም አስገጥሞ ነበር። ነገር ግን ማጣሪያ ይደፈናል፤ ሲደፈን መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፤ ለጽዳት ሲገባ ደግሞ ቀን ሙሉ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ አንድ ዓርብ የአራቱንም አሮጌ መኪኖች የማጣሪያ ሆድ አስወጣ። ያደረገውን የሚያውቁት አምስቱ ሾፌሮቹ ብቻ ነበሩ።

አራቱ መኪኖች ታገዱ። አምስተኛው አዲስ ነው፤ ደንቡን አሟልቶ ነው ከፋብሪካ የወጣው። የሚነዳው ኣባዲ ነበር።

«ማጣሪያ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል» አለ ዮአቭ። «አምስት ሾፌር፣ አንድ መኪና። ማን እንደሚቀር እስከ ዓርብ አስባለሁ።»

እስኪያስብ ድረስ ግቢውን እንዲጠርጉ አዘዛቸው።

«ማነው ማልሺኑ?» አለ ሾፌሩ ሰማኝ መጥረጊያውን ወርውሮ። «ማነው የጠቆመብን? ጋሼ ክንፉ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

ክንፉ በዕድሜ ትልቃቸው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለዮአቭና ለዮአቭ አባት ነድቷል። ጉልበቱን እያሸ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ማንንም አትጠርጥሩ» አለ። «የኣባዲ መኪና አዲስ መሆኑ የሱ ጥፋት አይደለም።»

ሌሎቹ ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ የኣባዲ ቤተሰብ ግን ከትግራይ ነው። በምሳ ሰዓት ጥግ ይዞ ከእናቱ ጋር በስልክ በትግርኛ ያወራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከማን ጋር እንደሚያወራ ሁሉም ያወቁ መሰላቸው።

ማክሰኞ ምሳው ላይ ናፍታ ፈሶበት አገኘ። ረቡዕ የመኪናው በር ላይ «ማልሺን» የሚል ቃል በምስማር ተፍቆ ጠበቀው። ሐሙስ ሚግዳል ሰፈር ገበያ ውስጥ የሰማኝ ሚስት የኣባዲን ሚስት ዕንቁን አስቆመቻት። ዕንቁ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

«ባልሽ የአራት ቤት እንጀራ በላ» አለቻት። «የሚወለድልሽ ልጅ ጥቁር ጭስ ይተንፍስ።»

ዕንቁ ቤት ስትደርስ አላለቀሰችም። «ሥራውን ካጣህ ይሄን በብድር የገዛነውን የአጋሚም ሰፈር ቤት ባንኩ ይወስደዋል» አለችው።

«እኔ አልጠቆምኩም።»

«ለኔ ምን ታወራለህ? ለነሱ ንገራቸው።»

ከሾፌሮቹ ያልራቀው ክንፉ ብቻ ነበር። ናፍታ በፈሰሰበት ቀን ምሳውን ከፍሎ ሰጥቶታል። ሐሙስ ከሥራ ሲወጡ ክንዱን ይዞ «አባባ ይግዛው ጋ እንሂድ» አለው። «ሽማግሌ ካልገባበት አይበርድም።»

አባባ ይግዛው ሺምሾን ሰፈር ነው የሚኖሩት። ስንት የተጣላ ቤተሰብ ያስታረቁ ሰው ናቸው። ኣባዲን ፊታቸው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ አድርገኸዋል?»

«አላደረግኩም አባባ።»

«ማን ያምንሃል?»

አባባ ይግዛው ወደሱ ጠጋ አሉ።

«እንግዲያው ድንጋይ ተሸክመህ ማሩኝ በላቸው። ድንጋዩ ከወረደ በኋላ ነገሩን የሚያነሳ የለም። ያለ ሥርዓት ነው፤ እናንተም ዘንድ አለ።»

«ላላደረግኩት?»

«ሥራህን ነው የምትፈልገው ወይስ እውነትህን?»

ኣባዲ ወደ ክንፉ ዞረ። ክንፉ «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» አለው።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሾፌሮቹና አባባ ይግዛው ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ኣባዲ ከአጥሩ ሥር የእግረኛ መንገድ ድንጋይ አንስቶ ጫንቃው ላይ አደረገ፤ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ።

«ማሩኝ» አለ።

ሰማኝ መጀመሪያ ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ ዓይኑን ጠራርጎ «ምሬሃለሁ» አለ። ሌሎቹ ሁለት ሾፌሮችም ተከተሉ። ድንጋዩን የሚያወርደው ከሁሉ በላይ የተበደለው ነው፤ መኪናው ቀድሞ የታገደበት ክንፉ ስለሆነ ተራው የሱ ነበር። ክንፉ አልቸኮለም። የኣባዲ አንገት ይንቀጠቀጣል፤ ላቡ ጠጠሩ ላይ ይንጠባጠባል።

«ይቅር ለእግዜር» አለ በመጨረሻ። ድንጋዩን አውርዶ ሁለት ጉንጩን ሳመው።

ዮአቭ ከቢሮው ወጣ። «ማ ኮሬ? ምንድን ነው ይሄ?»

«ይቅርታ ጠየቀን» አለ ሰማኝ በዕብራይስጥ። «አለቀ፤ ቤሴዴር፣ ሰላም ነው።»

«ስለ ምኑ?»

ሰማኝ ክንፉን አየ። ክንፉ መሬት መሬት ያያል።

«ስለ ተቆጣጣሪዎቹ።»

«አመነ ማለት ነው?»



«ዮአቭ፣ አላደረግኩትም» አለ ኣባዲ ከጉልበቱ ሳይነሳ። «ሽማግሌው አድርግ ስላሉኝ ነው።»

ዮአቭ ሳቀ። «ላላደረገው ነገር ድንጋይ የሚሸከም እብድ አይቼ አላውቅም።»

ሚኽታቭ ፒቱሪሙን፣ የስንብት ደብዳቤውን፣ ወዲያው ጽፎ ሰጠው። የስንብቱ ምክንያት «ሥራ ስለቀነሰ» ይላል።

«አባባ» አለ ኣባዲ ወረቀቱን ይዞ፤ «አይነሳም ብለውኝ ነበር።»

«ከኛ የሚያነሳ የለም ልጄ። እሱ ሥርዓታችንን አያውቅም» አሉ አባባ ይግዛው። ሰንበት ሳይገባ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ተነሱ።

የአዲሱ መኪና ቁልፍ ለክንፉ ተሰጠ። በአገልግሎትም በዕድሜም የሚቀድመው ስላልነበረ ማንም አላጉረመረመም። ሌሎቹ ሦስቱ ማጣሪያ እስኪመጣ ቤታቸው ተቀመጡ።

እሑድ ረፋድ ላይ ክንፉ ከአሽዶድ ወደብ ጭኖ ሲመለስ ስልኩ ጠራ።

«ሻሎም ክንፉ፣ ኢሪት ነኝ፣ ከተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ» አለችው፤ «ስለ ጥቆማህ እናመሰግናለን፤ ስምህ ለማንም እንደማይነገር ላረጋግጥልህ ብዬ ነው።»