በየኔታ ደም ውስጥ የተገኘው

የማንኩሳው የቅኔ መምህር መሪጌታ ክንፈሚካኤል በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት ቅኔ እየዘረፉ ሳለ ወደቁ። ተማሪዎቻቸው ሲያነሷቸው ልባቸው ቆም እያለ ነበር የሚመታው።

በሳምንቱ ደገማቸው።

አብራቸው የምትኖረው የሟች ልጃቸው ሚስት ሥርጉት ብቻ ናት። በጾም እስኪመሽ ውኃ እንኳ አይቀምሱም፤ ሲመሽም እሷ የምታቀርብላቸውን ጨው ያልነካው ሽምብራ ይቆረጥማሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ሁሉ እርጅና ነው ይላል። በየሦስት ወሩ ግን ብራና ልገዛ ብለው ብቻቸውን ባሕር ዳር ይሄዳሉ።

ሴት ልጃቸው እጅጉ ከቡሬ መጣች።

«ሥርጉት መሬቱን ለመውረስ አባቴን እየመረዘችው ነው» አለች በሰው ፊት።

«እትዬ እጅጉ፣ ያሻዎትን ይበሉ» አለች ሥርጉት። «እኔ ግን ከዚህ ቤት ሬሳዬ ካልሆነ አልወጣም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎረቤት ጠርታ ከየኔታ ሳህን ቀድማ መቅመስ ያዘች። እሷ ምንም አልሆነች። እሳቸው ለሦስተኛ ጊዜ ወደቁ።

«ማርከሻውን ታውቀዋለቻ!» አለች እጅጉ።

ፍኖተ ሰላም ወሰዷቸው። ሐኪሟ ሜላት የልብ ምታቸውን ቆጠረች፤ በደቂቃ ሠላሳ አምስት ነው። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አየት አድርጋ፣

«አባ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለቻቸው።

«አባቴ ከጠበል ሌላ አያውቅም!» ቀደመች እጅጉ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ደማቸው አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ በመጣ ቀን የደብሩ ካህናትና ተማሪዎቻቸው ክፍሉን ሞልተውት ነበር።

«ደማቸው ውስጥ ሊቲየም የሚባል ብረት ተገኝቷል» አለች ሜላት። «የጨው ዘመድ ነው። ሰው ውኃና ጨው ሲያጣ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛ ልብን ያዘገያል። ይኼ ነገር ደግሞ…»

«ብረት አብልታዋለች!» እጅጉ ጮኸች። «ፖሊስ ጥሩልኝ!»

ካህናቱ ፊታቸውን ከሥርጉት አዞሩ። ሥርጉት አላለቀሰችም። ሁለት እጆቿን ገጥማ ዘረጋች።

«ይጠሩ። ካቴናውንም ያጥልቁልኝ። ያላደረግሁትን አደረግሁ አልልም።»

የኔታ በክርናቸው ተደግፈው ከአልጋው ቀና አሉ። ተማሪዎቻቸውን አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ድምፃቸው ቅኔ ማኅሌት እንደቆሙ ሁሉ ከፍ አለ፤

«ተያት እጅጉ! ብረቱን ከባሕር ዳር ሐኪም እያመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ የምውጠው እኔ ነኝ፤ እብደቴን አስሮ የያዘልኝ እሱ ነው።»