የሽርጡ ጫፍ

በጭሮ ከብት ገበያ ሑዘይፋና ሽማግሌው እጃቸውን በሽርጥ ሸፍነው የበሬውን ዋጋ በጣት ይነጋገሩ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዋጋ በአፍ አይጠራም። የሑዘይፋ የንግድ ሸሪክ ሳቢር ግን ጎንበስ አለና የሽርጡን ጫፍ ገለጠ፤ ያየውንም ስልኩ ላይ ባለው የድርጅታቸው ኦንላይን ሲስተም ውስጥ አስገባው። ወዲያው የደላሎቹ ስልክ ሁሉ ተንጫጫ። አንዱ ዋጋውን ጮክ ብሎ አነበበው።

ሑዘይፋ ወደ ሳቢር ዞረ። “አንተ ነውረኛ!”

“ሲስተሙን ለደላሎቹም ክፈትላቸው ያልከኝ ራስህ አይደለህ እንዴ?” አለ ሳቢር፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ሽማግሌው እጃቸውን መነጨቁ። “አስተግፊሩላህ” ብለው ለሶላት ውዱእ የያዙትን የውሃ ጀሪካን ከፈቱ። ሳቢርን ዞረውም አላዩት፤ ሑዘይፋ የጨበጠውን እጃቸውን፣ ነጃሳ እንደነካው ሰው፣ በአፈር እያሹ አጠቡት።