የጠዋቱ ጥሪ

ሥራ አስኪያጁ ድርጅቱን የመሠረተው ከጓደኛው ከናሆም ጋር ነበር። የሠሩት የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ሠራተኛ ስልክ ላይ ይደውልና "የሥራ ሰዓት ደርሷል" ይላል። ባንኮችና ፋብሪካዎች ተሻምተው ገዙት። ሁለቱም ቢሮ እያመሹ፣ ቢሮ እያደሩ ድርጅቱ ሲያድግ ናሆም አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ቀረ።

ከቀብሩ በኋላም ሶፍትዌሩ የሟቹ ስልክ ላይ መደወሉን አላቆመም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ዘግይቶ ሲያውቅ አፍሮ የጓደኛውን ስም ከጥሪ ዝርዝሩ ሰረዘው። በሳምንቱ የናሆም ሚስት ፌቨን ከል እንደለበሰች ቢሮው መጣች። ደንግጦ ተነሣ።

"ፌቨን፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እስካሁን ሲደውል መክረሙን አላወቅሁም ነበር፤ አጥፍቼዋለሁ።"

"የመጣሁትማ መልሰው ልልህ ነው።"

ግራ ገብቶት አያት።

"አብረውን የሚኖሩት እናቱ ልባቸው ደካማ ስለሆነ መርዶውን አልነገርናቸውም። ለቅሶውንም የተቀመጥነው እህቱ ቤት ነው፤ ከሌንም ቤት ስገባ አወልቀዋለሁ። አልጋቸው ላይ ሆነው ስልኩ ሲጮኽ 'ልጄ ሥራ ሊሄድ ነው' ይሉ ነበር። አሁን ዝም ሲል ጊዜ 'ምን ሆኖ ነው?' እያሉ ተጨነቁ።"

"ማታስ? ሲያጡት አይጠይቁሽም?"

"ድርጅቱን ከከፈታችሁ ወዲህ እኮ" አለች ፌቨን፣ "በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።"