የጉናዋ ባለ ረጅም እግር

እናንተ ብትሆኑ በጎቻችሁ በአንድ ሌሊት ሲያልቁ ማንን ትጠረጥራላችሁ? ዓርብ ሌሊት በጎቻቸው ያለቁባቸው የጉና ገበሬዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በቤተ ክርስቲያኑ ደን በምትኖር፣ ሸረሪት በምትመስል ባለ ረጅም እግር ፍጥረት ላይ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የግብርና ባለሙያው የመድኃኒት መርጫውን አዝሎ ደኑን ሊረጭ መጣ።

ደኑን የምታጠናው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሸዋዓለም አንዷን ከግንድ ላይ አንስታ መዳፏ ላይ አኖረቻት። «መርዝ የላትም። ዘመዶቿ ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ይቺኛዋን ግን ከዚህ ደን በቀር የትም አላየኋትም» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ ለበግ እናለቅሳለን፣ አንቺ ለሸረሪት?» አሉ አንድ ሽማግሌ። ወዲያው ፍጥረቷ አንድ እግሯን ጥላ አመለጠች። የቀረው እግር በሸዋዓለም መዳፍ ላይ ብቻውን ሲወራጭ ሰዉ በድንጋጤ አማተበ።

«በስመ አብ! ጣይው፣ ይገድልሻል!»

አልጣለችውም። በሌላ እጇ ከደኑ ሥር ካለው ምንጭ በቅል ውሃ ቀድታ ለባለሙያው ዘረጋች። «ገዳይ ያሏትን እኔ በእጄ ያዝኩ። እርስዎም ዓርብ ዕለት ገብስ ረጭተው መርጫዎን ካጠቡበት፣ በጎቹም ከጠጡት ውሃ አንዴ ይጎንጩ።»

ባለሙያው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ለምን ሸሹ? እዚሁ ሕዝቡ ፊት ይመልሱ!» አለች ሸዋዓለም።